ጥርስን በጋሻ ስለ መጠበቅ

የሰው ልጅ ከሰውነቱ ክፍሎች የአንዱን ጥቅም አጥርቶ የሚያውቀው ያን ክፍል ባጣው ጊዜ ነው። የተሰበረ አጥንት በወጌሻ እጅ ታስሮ ይገጥማል፤ የቈሰለ ሥጋ ጊዜ ሲያገኝ ይሽራል፤ የተቈረጠ ጥፍርም ተመልሶ ያድጋል። ጥርስ ግን እንደ እነዚህ አይደለም። የጥርስ ውጫዊ ልባስ በሰው ገላ ውስጥ ካለው ነገር ሁሉ የጠነከረ ሆኖ ሳለ፥ አንድ ጊዜ ከተሸረፈ ወይም ተፍቆ ካለቀ ሰውነት መልሶ ሊሠራው አይችልም። ስለዚህ ጥንካሬው ሰውን ሊያዘናጋው አይገባም፤ የማይመለስ ነገር፥ የቱንም ያህል ቢጠነክር፥ ጠባቂ የሚያሻው ነውና።

ሕፃን በመጀመሪያ 20 የወተት ጥርሶች ያበቅላል። እነዚህም ከ6 ዓመት ዕድሜው አቅራቢያ ጀምሮ በየተራ እየወለቁ ለቋሚዎቹ ጥርሶች ስፍራ ይለቃሉ፤ የአዋቂ ሰው ጥርስም ሲሟላ 32 ይሆናል። በኢትዮጵያ ልጆች የወለቀ የወተት ጥርሳቸውን ወደ ቤት ጣራ ወርውረው በምትኩ አዲስ ጥርስ መለመናቸው ከጥንት የቆየ ልማድ ነው። ይህ ልመና ግን ምላሽ የሚያገኘው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በ12 ወይም በ14 ዓመቱ በጨዋታ ሜዳ ቋሚ የፊት ጥርሱን ያጣ ልጅ ወደ ጣራው ቢወረውር የሚመጣለት ሌላ ጥርስ የለም፤ ቀሪውን ዘመኑን ወይ በጎደሎ አፍ፥ ወይም በየጊዜው መታደስ በሚያሻውና ገንዘብ በሚያስወጣ ሰው ሠራሽ ጥርስ ይኖራል።

የጥርስም ሥራ እህልን ማድቀቅ ብቻ አይደለም። «ፈ» የሚለውን ፊደል ለማሰማት የላይኛው የፊት ጥርስ የታችኛውን ከንፈር መንካት አለበት፤ «ሰ» እና «ዘ» የሚባሉትም በጥርስ አጠገብ በሚያልፍ ትንፋሽ የሚሰሙ ናቸው። ፊደል ያስቈጠረ መምህር ሁሉ የፊት ጥርሳቸው በወለቀ ሕፃናት አፍ እነዚህ ድምፆች ሲያፏጩና ሲሾልኩ ሰምቷል። በሕፃን አፍ ይህ ለጥቂት ወራት የሚቆይ መሳቂያ ነው፤ በዳኛ፥ በመምህር ወይም በአንባቢ አፍ ግን የዕድሜ ልክ ችግር ይሆናል። በኦሪት ዘፀአት በተጻፈው ሕግም፥ ጌታ የባሪያውን ጥርስ መትቶ ቢያወልቅ ስለ ጥርሱ ካሳ ነፃ አውጥቶ እንዲያሰናብተው ታዝዟል። የአንድ ጥርስ ካሳ የአንድ ሰው ነፃነት መሆኑ፥ የጥንቱ ሕግ ይህን ጉዳት እንደ ቀላል ነገር እንዳልቈጠረው ያስረዳል።

ጥርስን የሚያጠፉ ነገሮች ብዙ ናቸው። በጣፋጭ ምግብና በንጽሕና ጕድለት የሚመጣው መበስበስ ብዙ የተነገረለት ነው። ብዙ ያልተነገረላቸው ግን ሁለት ጠላቶች አሉ። አንደኛው በቀን፥ በሰው ፊት፥ በድንገት የሚመጣ ነው፤ ይኸውም በስፖርት ጨዋታ ጊዜ አፍ ላይ የሚያርፍ ምት ነው። ሁለተኛው በሌሊት፥ ሰው ሳያየው፥ ቀስ በቀስ የሚመጣ ነው፤ ይኸውም በእንቅልፍ ልብ ጥርስን ማፋጨት ነው። ለሁለቱም በጥርስ ላይ የሚጠለቅ መከላከያ ተገኝቶላቸዋል፤ የጥርስ ጋሻ ቢባል ስሙ የሚገባው ነው። ዳሩ ግን የሁለቱ ጠላቶች ጠባይ የተለያየ ስለ ሆነ ጥበቃቸውም ይለያያል፤ በአደባባይ የሚመጣውን በደንብና በትእዛዝ፥ በስውር የሚመጣውን በምክርና በትምህርት መከላከል ይገባል።

የጥርስ ጋሻ መነሻው በቡጢ ግጥሚያ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1890 ዓ.ም. ዉልፍ ክራውዝ የሚባል የለንደን የጥርስ ሐኪም፥ ቡጢኞች ከንፈራቸው በገዛ ጥርሳቸው እየተቀደደ እንዳይቸገሩ ብሎ፥ ጉታ ፐርቻ ከሚባል የዛፍ ሙጫ የተሠራ ጥፍጥፍ በላይኛው የፊት ጥርሳቸው ላይ ይለጥፍላቸው ነበር። ልጁ ፊሊፕ ክራውዝም ይህን አሻሽሎ፥ ታጥቦ ደጋግሞ የሚጠለቅ መከላከያ ከጎማ ሠራ። አዲስ ነገር ተቃዋሚ አያጣምና፥ ጋሻውን ማጥለቅ በባላጋራ ላይ ያልተገባ ብልጫ ማግኘት ነው እያሉ የሚከራከሩ ነበሩ። በ1927 ዓ.ም. ማይክ ማክቲግ ከጃክ ሻርኪ ጋር በገጠመ ጊዜ ግን፥ ማክቲግ በብዙው ዙር ሲመራ ቆይቶ ሳለ የተሸረፈ ጥርሱ ከንፈሩን ክፉኛ ስለ ቀደደው ግጥሚያው ቆሞ ተሸናፊ ሆነ። ከዚያ ወዲህ የተቃዋሚዎቹ ቃል ደከመ፤ ጋሻውም በቡጢኞች ዘንድ የተፈቀደና የተለመደ ሆነ። በአሜሪካ ደግሞ፥ ሰው ከሰው ጋር በሚላተምበት የአሜሪካ እግር ኳስ፥ በ1962 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሁሉ እንዲያጠልቁት ታዘዘ፤ በ1973 ዓ.ም. የኮሌጆች የስፖርት ማኅበር ይህንኑ ተከተለ።

ነገር ግን የትእዛዝ ጥቅም ተመዝኖ በግልጥ የታየው በኒው ዚላንድ ነው። በዚያ አገር ራግቢ የተባለው፥ ኳሱን በእጅ ይዘው የሚሮጡበትና ሯጩን ይዘው የሚጥሉበት ጨዋታ እጅግ የተወደደ ነው። በአደጋ ለተጎዳ ሰው የሕክምናውን ወጪ የሚሸፍን የመንግሥት መድንም ስላለ፥ በጨዋታው ምክንያት ስንት የጥርስ ጉዳት እንደ ደረሰ ከመዝገቡ ለማየት ይቻላል። በ1995 ዓ.ም. (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) በራግቢ ምክንያት ስለ ጥርስ ጉዳት የቀረበው የክፍያ ጥያቄ 2,644 ነበር። በ1997 ዓ.ም. ከ19 ዓመት በታች ላሉት፥ በ1998 ዓ.ም. ደግሞ ለተጫዋቾች ሁሉ የጥርስ ጋሻ ግዴታ ሆነ። በ2003 ዓ.ም. ሲቈጠር የክፍያው ጥያቄ ከ1995 ዓ.ም. በ43 በመቶ ቀንሶ ተገኘ።

ከዚህም ቍጥር ይልቅ ለባለሥልጣን ትምህርት የሚሰጥ ሌላ ቍጥር አለ። ተጫዋቾቹ ራሳቸው እንደ ተናገሩት፥ ግዴታው ሳይወጣ በ1993 ዓ.ም. ጋሻው ይጠለቅ የነበረው 67 በመቶ ያህል ሲሆን፥ በ2003 ዓ.ም. 93 በመቶ ደርሷል። እንግዲህ ከትእዛዙ አስቀድሞም ጋሻው የታወቀና ብዙዎች የለመዱት ነበር፤ ሲሶው ያህል ግን አንዱ ረስቶት፥ ሌላው ንቆት ወይም ደስ ሳይለው ይቀር ነበር። ምክር ያላደረሰውን ደንብ አደረሰው። ወጣት አደጋን የሚያስበው ከደረሰበት በኋላ ነውና፥ አስቀድሞ የሚያስብለት ጨዋታውን የሚያዘጋጀው ሰው ሊሆን ይገባል። ልጆችን ወደ ሜዳ የሚጠራ ሰው ሜዳውን ከድንጋይ የማጥራት ግዴታ እንዳለበት ሁሉ፥ አፋቸውንም የማስጠበቅ ግዴታ አለበት።

በኢትዮጵያም ይህ የሩቅ ነገር አይደለም። የቦክስና የቴኳንዶ ማሠልጠኛዎች በብዙ ከተሞች ይገኛሉ። በቴኳንዶ ዓለም አቀፍ ውድድር ተወዳዳሪው የጥርስ ጋሻ ማጥለቁ ግዴታ ነው። ነገር ግን ምት በውድድር ቀን ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ ውድድር የአንድ ቀን ሲሆን ልምምድ የዓመት ነው። ስለዚህ ጋሻውን ለውድድር ብቻ አስቀምጦ ልምምድን ያለ እርሱ ማድረግ፥ ጠላት የሚመጣበትን በር ትቶ ሌላውን በር እንደ መዝጋት ይቈጠራል። በቅርጫት ኳስም የተጫዋች ክርን ከሌላው አፍ ጋር መገናኘቱ ያልተለመደ አይደለም።

በእግር ኳስ ደግሞ የጨዋታው 4ኛ ሕግ ተጫዋቹ የቅልጥም መከላከያ እንዲያደርግ ያስገድዳል፤ ስለ ጥርስ ግን ግዴታ አልጣለም፤ ሌላውን የማያሰጋ መከላከያ ማድረግንም አልከለከለም። ቅልጥም ቢሰበር ይገጥማል፤ የወደቀ ጥርስ ግን ሌላ አያበቅልም። የሚጠገነው በግዴታ ሲጠበቅ የማይጠገነው ለፈቃድ መተዉ ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ነው። ሕጉ ካልከለከለ፥ በልጆች ውድድር ላይ ደንብ የሚያወጡ ትምህርት ቤቶችና ክለቦች በራሳቸው ፈቃድ ሊጨምሩት የሚከለክላቸው የለም።

ከአበው የወረደው የገና ጨዋታም ከዚህ ነገር ውጭ አይደለም። በልደት በዓል ወጣቶች ጫፉ የቈለመመ ዱላ ይዘው ሩሯን ሲጋፉ፥ ዱላው ወደ ላይ ሲነሣ ሩሯም ከመሬት ስትነጠቅ የሰው ፊት በመንገዳቸው ላይ ይገኛል። «በገና ጨዋታ አይቈጡም ጌታ» የተባለው ተረት የጨዋታውን ፍቅርና እኩልነት የሚያስረዳ መልካም ቃል ነው፤ አለመቈጣት ግን የወለቀውን ጥርስ አይመልስም። በውጭ አገር የገናን ጨዋታ የሚመስለውን ሆኪ የሚጫወቱ ብዙዎች የጥርስ ጋሻ ማጥለቃቸው ጨዋታቸውን አላጠፋባቸውም፤ የገናንም ጨዋታ ከክብሩ አያጎድለውም።

«አበው ያለዚህ ነገር ተጫውተው ኖረዋል፤ ይህ ወጣትን ፈሪ ያደርጋል» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን አበው በጦር ሜዳ ብቻ ሳይሆን በጉግስ ጨዋታ እንኳ ፈረስ ሲጋልቡ ጋሻ ይዘው ነበር። ጋሻ መያዛቸውም ከጀግንነት እንጂ ከፈሪነት አልተቈጠረባቸውም። ገላን በጋሻ መሸፈን የጀግና ሥራ ከሆነ፥ ጥርስን መሸፈን የፈሪ ሥራ የሚሆንበት ምክንያት የለም።

«ገንዘቡ ከየት ይመጣል» የሚለው ጥያቄ ግን የሚናቅ ጥያቄ አይደለም። የጥርስ ጋሻ ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው እንደ ተሠራ የሚሸጠው ነው፤ ይህ ዋጋው ትንሽ ቢሆንም ከአፍ ጋር በደንብ ስለማይገጥም ጥርስ ነክሶ ካልያዘው ይወድቃል፤ ለመናገርና ለመተንፈስም ያውካል። ሁለተኛው በፈላ ውሃ ተነክሮ ከለዘበ በኋላ በገዛ ጥርስ ተነክሶ ቅርጽ የሚይዘው ነው። ሦስተኛው የጥርስ ሐኪም የአፉን ልክ ወስዶ ለአንድ ሰው ብቻ የሚሠራው ነው፤ ይህ በአገጣጠሙና በጥበቃው ከሁሉ የሚሻል፥ በዋጋውም ከሁሉ የሚበልጥ ነው። ሦስተኛውን ለመግዛት አቅም የሌለው ትምህርት ቤት ሁለተኛውን ቢይዝ ምንም ከአለመያዝ እጅግ ይሻላል። ይህም ወጪ ለአንድ ሰው ሠራሽ ጥርስ ከሚከፈለው ጋር ሲመዘን ቀላል ነው። ዳሩ ግን የአንዱን ጋሻ ሌላው ሊያጠልቀው አይገባም፤ ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ ሊኖረው ያስፈልጋል፤ ልጁም ሲያድግና ጥርሱ ሲለወጥ ጋሻው አብሮ መለወጥ አለበት።

የዚህ ጋሻ አሠራር እንዲህ ነው። ለስላሳና ተለጣጭ ከሆነ ነገር ስለ ተሠራ፥ አፍ ላይ ያረፈውን ምት ራሱ ተቀብሎ ያበርደዋል፤ የቀረውንም በአንድ ጥርስ ላይ እንዳይወድቅ ለብዙዎቹ ያካፍለዋል። ደግሞም ከንፈርን፥ ጉንጭንና ምላስን ከጥርስ ስለት ይጋርዳል። በምት ከሁሉ ይልቅ የሚጎዱት የላይኛው መንጋጋ የፊት ጥርሶች ስለ ሆኑ፥ ብዙውን ጊዜ የሚጠለቀው በላይኛው ጥርስ ላይ ነው። ጋሻው አንጐልን ከመናወጥ ያድናል ማለት ግን በማያጠራጥር መንገድ የተረጋገጠ አይደለም፤ ስለዚህ አሠልጣኞች ይህን ተስፋ አድርገው ራሱን የተመታ ልጅ ወደ ጨዋታ መመለስ የለባቸውም።

ሁለተኛው ጠላት ስውር ነው። በእንቅልፉ ጥርሱን የሚያፋጭ ሰው ራሱ አያውቀውም፤ የሚሰማው በአጠገቡ የተኛው ነው። ብቻውን የሚተኛ ሰው ግን በምልክቱ ያውቀዋል፤ ይኸውም ጧት ሲነሣ መንጋጋው መዛሉ፥ ግራና ቀኝ ጆሮ ግንዱ አካባቢ ራሱን ማመሙ፥ የጥርሱ ጫፍ እንደ ተሞረደ ጠፍጣፋ መሆኑ፥ ቀዝቃዛ ውሃ ሲጠጣ ጥርሱን መጠዝጠዙ ነው። መንሥኤው አንድ ብቻ አይደለም። የሐሳብ ብዛትና ጭንቀት፥ ትምባሆ፥ የአልኮል መጠጥ፥ ብዙ ቡና፥ እንዲሁም አንዳንድ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጡ መድኃኒቶች ያባብሱታል። በእንቅልፍ ጊዜ ትንፋሽ እየተቋረጠ የሚያንኰራፋ ሰውም አንዳንድ ጊዜ ይህ ነገር አብሮት ይገኛል፤ እንደዚህ ያለው ሰው ስለ ጥርሱ ብቻ ሳይሆን ስለ ትንፋሹ ጭምር ለሐኪም መንገር አለበት።

ሕፃን ጥርሱን ሲያፋጭ «ወስፋት ይዞት ነው» ማለት የተለመደ ነው። ወስፋት ያለበት ልጅ መድኃኒት ማግኘቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ጥርስ የሚያፋጭ ሁሉ ወስፋት አለበት ማለት አይደለም። በልጆች ዘንድ ይህ ነገር ብዙ ጊዜ የሚታይ ሲሆን፥ ሲያድጉ አብዛኛዎቹን ይተዋቸዋል። በአዋቂ ላይ ሲዘልቅ ግን ለዓመታት የጥርሱን ልባስ እየፋቀ ይጨርሰዋል፤ ጥርሱን ይሰነጥቃል፤ በገንዘብ የተሠራለትንም ሙሊት ይሰብራል።

ለዚህ የሚሆነው የሌሊት ጋሻ ከስፖርቱ ጋሻ ይለያል። ብዙውን ጊዜ ጠንካራ ከሆነ ፕላስቲክ፥ በሐኪም እጅ፥ በሰውየው አፍ ልክ ይሠራል፤ ሲተኙ ያጠልቁታል፥ ሲነሡ ያወልቁታል። በላይኛውና በታችኛው ጥርስ መካከል ገብቶ፥ በጥርስ ፈንታ ራሱ ይፋቃል። ለስላሳው የስፖርት ጋሻ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ እንዲያውም አንዳንዱን ሰው ይበልጥ እንዲያኝክ ያደርገዋል። ልኩን ያልጠበቀ ጋሻ ለብዙ ጊዜ ቢጠለቅ የጥርስን አገጣጠም ሊያበላሽ ስለሚችል፥ ለሌሊቱ ከገበያ ገዝቶ በግምት ከማጥለቅ ሐኪም መጠየቅ ይሻላል። ደግሞም የሌሊት ጋሻ ጥርስን ከመፋቅ ያድናል እንጂ ማፋጨቱን አያስተውም፤ ጭንቀቱን ማቃለል፥ መጠጡንና ትምባሆውን መተው የሰውየው ፈንታ ነው። ሁለቱም ዓይነት ጋሻዎች በቀዝቃዛ ውሃና በለስላሳ ብሩሽ እየታጠቡ፥ አየር በሚያገባ ማስቀመጫ መቀመጥ አለባቸው፤ ሙቅ ውሃ ቅርጻቸውን ያበላሻልና።

በዚህ ነገር ትእዛዝ አያገለግልም፤ የሰውን እንቅልፍ የሚቈጣጠር ደንብ የለምና። የሚያገለግለው ምክር ነው፤ ለምክርም ከሁሉ የሚቀርቡት ካህናትና ሽማግሎች ናቸው። ባልና ሚስት ለሐኪም የማይነግሩትን የቤታቸውን ነገር ለንስሐ አባታቸው ይነግራሉ። በቅዱሳት መጻሕፍት ጥርስ ማፋጨት የኀዘንና የቍጣ ምልክት ሆኖ መጠቀሱን ይዞ፥ በእንቅልፉ የሚያፋጨውን ሰው በክፉ ጠባይ የሚጠረጥር ቢኖር፥ በቍጣ ጥርሱን የሚያፋጭ የነቃ ሰው ሲሆን ይኸኛው ግን የተኛና ምንም የማያውቅ መሆኑን መምህራን ሊያስረዱት ይገባል። እንዲህ ሲሆን ሰውየው ሳያፍር ወደ ሐኪም ይሄዳል።

ጥንቃቄ ሁሉ ተደርጎም አደጋ ቢደርስ፥ ሜዳ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ቋሚ ጥርስ ከነሥሩ ከወለቀ ሥሩን ሳይነኩ በሚያኝከው ጫፉ መያዝ፥ ቈሽሾ እንደ ሆነ በወተት ወይም በንጹሕ ውሃ ሳይፍቁ በጥቂቱ ማለቅለቅ፥ ቢቻል ወዲያው ወደ ስፍራው መመለስ፥ ባይቻል በወተት ውስጥ አድርጎ በግማሽ ሰዓት ወይም ቢዘገይ በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ ወደ ጥርስ ሐኪም ማድረስ ይገባል። በፍጥነት የደረሰ ጥርስ ተመልሶ ሊይዝ ይችላል፤ በመሐረብ ተጠቅልሎ የደረቀው ግን ተስፋው እጅግ ያነሰ ነው። የወተት ጥርስ ሲሆን ግን ወደ ስፍራው አይመለስም።

እንግዲህ ትምህርትንና ስፖርትን የሚመሩ ባለሥልጣኖች ይህን ነገር ከልብ ሊያስቡበት ይገባል። በመጀመሪያ፥ በቦክስ፥ በቴኳንዶና በእነዚህ በሚመሳሰሉ ጨዋታዎች ጋሻው በውድድር ብቻ ሳይሆን በልምምድም ግዴታ ይሁን። ቀጥሎ፥ ትምህርት ቤቶች ለኳስና ለመረብ ገንዘብ ሲመድቡ ለጥርስ ጋሻም አብረው ይመድቡ። ሦስተኛ፥ አሠልጣኞች ሁሉ ስለ ወለቀ ጥርስ የመጀመሪያ እርዳታ ይማሩ። ይህ ሁሉ ብዙ ድካም የሌለበት፥ ለአንድ ልጅ ግን የዕድሜ ልክ ጥቅም ያለበት ሥራ ነው። ጅብ ከሄደ በኋላ የጮኸ ውሻ ማንንም አላዳነም፤ «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው፥ ደንቡ መውጣት ያለበት የልጆቹ ጥርስ በየአፋቸው ሙሉ ሳለ ነው።